ቶሙ ቆስሏል እንዴ?

የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሆኜ ከገባሁ ሦስተኛ ወር ላይ ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ ሥራዬ ገመድ መጠቅለል፣ ማይክ መትከልና ወንበር ማመላለስ ነው። አንድ ቀን ማታ አለቃዬ አዳዲስ የድራም ቆዳዎች አስታቀፈኝና «ነገ ጠዋት ቀረጻ አለ። የላዩን ቆዳ ቀይረህ ቃኘው» ብሎኝ ወጣ።

«አልችልም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ብሎን ማጥበቅ ምን ይከብዳል?

በነገራችን ላይ «ቆዳ» የምንለው በልማድ ነው። ድሮ የምር የጥጃ ቆዳ ነበር፤ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። በፈረንጆቹ 1957 አካባቢ ፕላስቲኩ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ያ ጣጣ ቀለለ። ስሙ ግን ቀረ።

ከስኔሩ ጀመርኩ፤ ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ድራም ነው። ባለ 14 ኢንች፣ ባለ 10 ብሎን። አንዱን ብሎን ጥርቅም አድርጌ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ። እንዲህ እያልኩ ዙሪያውን ጨረስኩ። ስመታው እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። ከሥሩ ያሉትን ሽቦዎችም አጠበቅኳቸው። ይሄኔ ጭራሽ ታነቀ።

ትልቁ ቶም፣ ሽቦ የሌለውና ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ድራም፣ ደግሞ ባሰ። «ዱም» ብሎ ማለቅ ሲገባው «ዱዋዋዋ» እያለ ይንቀጠቀጣል። አጠበቅኩት፤ ያው ነው። ደግሜ አጠበቅኩት፤ ድምፁ ቀጠነ እንጂ መንቀጥቀጡ አልተወውም። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ፕላስተር አነሳሁ። አንድ ለጠፍኩ፣ ሁለት ለጠፍኩ፣ ስድስት ደረሰ። ዝም አለ። ተመስገን ብዬ ወደ ቤቴ።

ጠዋት ድራመሩ መጡ። ጠና ያሉ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ወንበሩን አስተካክለው ተቀመጡና እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ መቱ። ትልቁ ቶም ላይ ሲደርሱ እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ ቶም ቆስሏል እንዴ?»

ምን ልበል? ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ እየላጡ ክንዴ ላይ ለጠፉልኝ። ስድስቱንም።

«የታቹን ቆዳ ነክተኸዋል?»

«የታቹን? አልነካሁትም፤ እሱ አይመታም ብዬ...»

ቶሙን ገለበጡት። ከታች ካሉት ብሎኖች አንዱ በጣት ይዞራል። ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ሳጠብቅ የነበረው ከታች በላላ ብሎን ምክንያት ነበር ማለት ነው! እርግጥ የላዩም ደህና አልነበረም፤ አንዱ ጎን ተወጥሮ ሌላው ጎን ረግቧል።

ብሎኖቹን ሁሉ ፈቱ። ከዚያ ብሎኖቹን በጣት ብቻ፣ እስኪነኩ ድረስ መለሷቸው። መሃሉን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው ቆዳውን ቦታ አስያዙት። የብሎን ማጥበቂያውን ቁልፍ የጨበጡት ከዚህ በኋላ ነው። አንዱን ግማሽ ዙር፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን ሳይሆን ትይዩውን። እንዲህ እያቋረጡ ሄዱ። ወደ መጨረሻው ላይ ሩብ ዙርም ትልቅ ሆነና ቁልፉን ነካ ብቻ ያደርጉ ጀመር።

ቶሙ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ የታቹ ቆዳ እንዳይረብሽ ነው። በዱላው ጫፍ ከጠርዙ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው፣ ብሎን ብሎኑ ጋ መታ መታ ያደርጋሉ። «ስማ። ይሄና ያኛው አንድ ናቸው?» መጀመሪያ ልዩነቱ አልተሰማኝም። አራተኛው ላይ ተሰማኝ፤ ትንሽ ወጣ ብሏል። ላደርሰው ብዬ ሌሎቹን ወደ እሱ ከፍ ላደርግ ስል እጄን ያዙ። «የወጣውን አውርደው። ከሚፈለገው በታች አሳልፈውና ከሥር ቀስ ብለህ አምጣው።» እንዲህ ሲሆን ብሎኑ ቶሎ አይላላም።

ስልኬን አወጣሁ።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«ስንት ዙር እንደሆነ።»

«ሌላ ቆዳ ስትገጥም አይሠራልህም። አስቀምጠው።»

የታቹን ከላዩ ትንሽ ከፍ አደረጉት። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ድምፁ ይረዝማል፤ ለዚያ ቀን ዘፈን አጠር ያለው ነበር የሚያስፈልገው። ስኔሩን እኔ ቃኘሁት፤ እሳቸው ጆሮ ብቻ ሰጡኝ። ትንሹ ቶም ሲመታ የስኔሩ ሽቦ አብሮ ሲንጫጫ ሽቦውን ላጠብቅ ተንደረደርኩ። እሳቸው ግን የቶሙን ቅኝት ቅንጣት ታህል አወረዱት። ጫጫታው ከሞላ ጎደል ጠፋ። «ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቤዝ ጊታሩ ሲገባ ደግሞ ማን ይሰማዋል?»

ቀረጻው አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። አለቃዬ ሰዓቱን አንዴ፣ እኔን ሁለቴ አየ። ምንም አላለም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ልንጀምር ስንል ድራመሩ «ና እስቲ» አሉኝ። ከክንዴ ላይ አንዱን ፕላስተር ልጠው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀደው፣ ትልቁ ቶም ጠርዝ ላይ ለጠፏት።

«ቅድም ነቀሉት እኮ!»

«ቅድም ልትደብቅበት ነበር። አሁን የድምፁን ጭራ ትንሽ ላሳጥርበት ነው።»

መቱት። «ዱም።» ቀይ መብራቱ በራ።

አምስቱ ፕላስተሮች እስከ ምሳ ሰዓት ክንዴ ላይ ቆዩ። ሲላጡ ፀጉሬን ይዘው ወጡ።