ካሮላይና ለእኔ ደረሰችኝ

የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እያየ ላደገ ሰው፣ አሜሪካኖች ለተሸናፊ ቡድን የሚያደርጉት ነገር ግራ ያጋባል። በለመድነው ኳስ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ይወርዳሉ። እዚህ አገር ፉትቦል በሚሉት፣ በእጅ በሚወረወረው ኳስ ላይ ወራጅ ብሎ ነገር የለም። ዘንድሮ የነበሩት 32 ቡድኖች ከርሞም እነዚያው ናቸው። ጭራሽ ከሁሉም በታች የጨረሰው ቡድን፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ልጆች ቀድሞ እንዲመርጥ ይደረጋል። ድራፍት ይሉታል። የተሸነፈ ይሸለማል ማለት ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከጌም ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ማደን በሚባለው የፉትቦል ቪዲዮ ጌም የራሳቸው ሊግ አላቸው። ስሙ የመጣው ከአሠልጣኝና ኮሜንታተሩ ጆን ማደን ነው፤ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አርፈዋል። በሊጉ እያንዳንዱ ሰው ከእውነተኞቹ ቡድኖች አንዱን ይይዛል። ያሠለጥናል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። ተጫዋቾቹ እስከ 99 የሚደርስ የችሎታ ነጥብ አላቸው። ጌሙን ወደሚቀጥለው ሳምንት የሚያሳልፈው ኮሚሽነር የሚባለው የሊጉ መሪ ነው። በተባለው ጊዜ ገብተህ ካልተጫወትክ፣ ኮምፒውተሩ ነጥቡን አይቶ ራሱ ያጫውተውና ውጤቱን ይነግርሃል።

ኮሚሽነራችን የጋራዡ ጥገና ኃላፊ ነው። የዲሲ ተወላጅ፣ ሸምገል ያለ፣ ነገር የማይወድ ሰው። በ2023 መኸር ላይ አንድ ማታ ወደ ዳሴ መጥቶ ቡድን ያዝ አለኝ። የትኛውን ስለው ካሮላይናን አለኝ። ቀድሞ የያዘው ልጅ ሽንፈት ሲደጋገምበት ስልክ ማንሳት ትቶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሊጎችን የሚገድላቸው ይኸው ነው። የደካማ ቡድን ባለቤት ይጠፋል፣ ቡድኑን ኮምፒውተር ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ሌላው ይጠፋል። በመጨረሻ ሦስት አሸናፊዎች እርስ በርስ ይፋጠጣሉ። ይህ ደግሞ ጨዋታ አይባልም።

እሺ አልኩ። ብንሸነፍም ድራፍቱ አለ ብዬ።

የለም! ካሮላይና የወደፊቱን ሸጣ ጨርሳለች። በ2023 ብራይስ ያንግ የሚባለውን ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች ነው) በአንደኝነት ለመምረጥ፣ ተራውን ከቺካጎ ገዛችው። ክፍያው ዲጄ ሙር የሚባል ጎበዝ ተጫዋች፣ የዚያው ዓመት ሁለት ምርጫዎች፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙርና የ2025 ሁለተኛ ዙር ነበር። እቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሰው ዕጣ ገዝተህ ቀድመህ በላህ። ከዚያ በኋላ ያለው መክፈል ብቻ ነው። ጌሙም ዕዳውን እንዳለ ይዞታል። እንግዲህ እኔ የደረስኩት ለክፍያው ነው። በተሸነፍኩ ቁጥር የሚወፍረው የቺካጎ ዕጣ ነው።

ቺካጎን የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሳችን ሰው። የደሴ ልጅ፣ በዕድሜ የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው። ጨዋ ልጅ ስለሆነ አንቱ ነው የሚለኝ። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን እያደረግኩ ስልኬ ይጮኻል። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬም ተሸነፉልኝ?»

ደግሞም እሸነፍለታለሁ። የእኔ ፈረቃና የሊጉ ሰዓት አይገጣጠምም። ሌሎቹ ቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው ሲጫወቱ፣ እኔ ቲኬት እየቀደድኩ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጨዋታዬን ኮምፒውተሩ ነው የሚጫወትልኝ። ኮምፒውተር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ነጥብህ ካነሰ አነሰ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ አንድ የሰከረ ሰውዬ መኪናውን የት ፎቅ እንዳቆመ ጠፍቶት አብረን እየፈለግን፣ ስልኬን ሳየው 31 ለ 3። ሰውዬው ፊቴን አይቶ «ምነው፣ ደህና ነህ?» አለኝ። ካሮላይና ተሸነፈች አልኩት። እሱም በተራው «እሱማ ዜና አይደለም» አለኝ።

እውነት ነው፣ ዜና አልነበረም። እውነተኛዋ ካሮላይናም በዚያው ዓመት 17 ተጫውታ ያሸነፈችው ሁለቱን ነው። ከሁለቱ አንዱ አትላንታን በዝናብ 9 ለ 7 ያሸነፉበት ነው፤ በመጨረሻዋ ሰከንድ በተመታች ኳስ። አሠልጣኙ ፍራንክ ራይክ ዓመቱን ሳይጨርስ ተባረረ። የቡድኑ ባለቤት ዴቪድ ቴፐር ጃክሰንቪል ላይ በተመልካች ላይ መጠጥ ደፍቶ 300 ሺህ ዶላር ተቀጣ። ያን ቀን 26 ለ 0 ነበር። በሚቀጥለው ሳምንትም አንድ ነጥብ ሳያገቡ 9 ለ 0 ተሸንፈው ዓመቱን ዘጉ። በሚያዝያው ድራፍት ቺካጎ በካሮላይና ዕጣ ኬሌብ ዊልያምስን አንደኛ አድርጋ ወሰደች።

ኮሚሽነሩ የያዘው የሰፈሩን ቡድን ዋሽንግተንን ነው። እሷም በዚያ ዓመት የመጨረሻዎቹን ስምንት ጨዋታዎች ተከታትላ ተሸንፋለች። እሱ ግን በጌሙ አንድም ጨዋታ ቀርቶ አያውቅም። ሰው ሆን ብሎ እንዳይሸነፍ ደግሞ ጥብቅ ሕግ አለው። ለተሻለ ምርጫ ብሎ ጎበዞቹን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጠ ከሊጉ ይወጣል። አንዴ ሁለት ሰዎች በዚህ ተጠርጥረው ጭቅጭቅ ተነሣ። ምስክር ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መሸነፍ የማይጠቅመኝ ብቸኛው ተሸናፊ እኔ ነኛ! እንደ ሽማግሌ መሐል ተቀመጥኩ። የፉትቦሉን ሕግ ገና በግማሹ ነው የማውቀው፣ ግን ፈረድኩ።

አንድ የዕረፍት ቀኔ ላይ አትላንታን ራሴ ገጠምኳት። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ የቱ ጋ መወርወር እንዳለብኝ በጣቱ እያሳየኝ። እኔ ሲጨንቀኝ ኳሱን ወደ መስመር ውጪ እጥላለሁ፣ እሱ ይበሳጫል። «አባዬ፣ ሩጥ እንጂ!» ይለኛል። በመጨረሻ ሮጥኩ። 13 ለ 10። ልጄ ጎረቤት እስኪያንኳኳ ጮኸ። ወዲያው የደሴው ልጅ ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት?»

ዓመቱ አለቀ፣ ካሮላይና ከታች ሁለተኛ። በእኔ ዕጣ ቺካጎ አንድ ግዙፍ ተከላካይ ወሰደች። እኔም ዕዳው ተከፈለ ብዬ በማግሥቱ ለልጁ ቡና ጋበዝኩት። አመሰገነኝ፣ ቡናውን ቀመሰ፣ ስልኩን አወጣና አንድ ነገር እያየ፦

«ጋሼ፣ የ2025ቱን ሁለተኛ ዙር ግን እንዳይረሱት።»