«የማይሠራ መሆኑን አረጋግጡ»፦ ከቻሌንጀር ዋዜማ የስልክ ስብሰባ ለውሳኔ ሰጪዎች የሚተርፍ

ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.፣ በፍሎሪዳ ሰዓት ከምሽቱ 2፡45 ላይ ሦስት ቦታ የተቀመጡ ሰዎች በስልክ ስብሰባ ተገናኙ። ዩታ ላይ የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ ኃላፊዎችና መሐንዲሶች፣ አላባማ ሃንትስቪል ላይ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ማርሻል ማዕከል ሰዎች፣ ፍሎሪዳ ኬኔዲ ማዕከል ላይ ደግሞ ለማስወንጨፉ የሄዱ የሁለቱም ወገን ተወካዮች ነበሩ። ቻሌንጀር የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር ወደ ላይ የሚገፉትን ጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች ለናሳ የሚያቀርበው ታዮኮል ብቻ ነበር። አጀንዳውም አንድ ነበር፦ ሌሊቱን ከዜሮ በታች እንደሚቀዘቅዝ ተተንብዮአል፤ ቻሌንጀር ጠዋት ትነሳ ወይስ ትቆይ?

ሥጋቱ የጎማ ቀለበት ነው። የሮኬቱ ቁራጮች በሚገጣጠሙበት ቦታ የጋለ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚይዙት ሁለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው። 3.7 ሜትር ስፋት ያለውን ሮኬት ይዞራሉ፤ የራሳቸው ውፍረት ግን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሮኬቱ ሲለኮስ መጋጠሚያው በቅጽበት ስለሚላቀቅ ጎማው ተከትሎ ክፍተቱን መድፈን አለበት። በብርድ የደረቀ ጎማ ይዘገያል፤ እሳቱ ይቀድመዋል። የታዮኮል መሐንዲስ ሮጀር ቦዦሌ ይህንኑ ከስድስት ወር በፊት ለአለቆቹ በጽሑፍ አሳውቆ፣ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። በዚያ ምሽት ኩባንያው በምህንድስና ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሮበርት ለንድ በኩል ያቀረበው ምክር ግልጽ ነው፦ ቀለበቱ ቢያንስ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሆነ አይነሳ። ቁጥሩ የተወሰደው እስከዚያን ቀን ከተደረጉት በረራዎች ሁሉ ከቀዘቀዘው፣ ከጃንዋሪ 1985ቱ ነው።

የናሳው ጆርጅ ሃርዲ ምክሩ እንዳስደነገጠው ተናገረ፤ አቅራቢው እየተቃወመ ግን እንደማያስነሳ ጨመረበት። ሌላው የናሳ ሰው ላሪ ሙሎይ ደግሞ «ታዲያ መቼ ላስነሳ ነው የምትሉት? በሚቀጥለው ኤፕሪል?» አለ። ከደንበኛ አፍ ሲወጣ ይህ ዓረፍተ ነገር ጥያቄ አይደለም። ከታዮኮል በኩል ጆ ኪልሚንስተር የአምስት ደቂቃ እረፍት ጠየቀ፤ መስመሩ ተዘጋ። እረፍቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ዘለቀ፤ ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ውስጥ ነው።

ዩታ ላይ ክፍሉ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄሪ ሜሰን የሥራ አመራር ውሳኔ መስጠት እንዳለባቸው ተናገረ። መሐንዲሱ አርኒ ቶምሰን ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ማስታወሻ ደብተሩን ኃላፊዎቹ ፊት ዘርግቶ መጋጠሚያውን መሳል ጀመረ። ማንም ልብ እንዳላለው ሲያይ ተወውና ተቀመጠ። ቦዦሌ ፎቶግራፎቹን ይዞ መጣ፦ ጋዝ ቀለበቱን ሾልኮ ማለፉን የሚያሳየው ጥላሸት በ24 ዲግሪ ከተደረገው በረራ ሲገኝ ስስና ግራጫ ነው፤ በ12 ዲግሪ የተደረገው ግን ጥቁር ከሰል ይመስላል። ፎቶዎቹን ዓይናቸው ሥር አስቀመጠ፤ እሱንም የሰማው የለም። ከዚያ ሜሰን ወደ ለንድ ዞሮ «የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አመራር ባርኔጣህን አድርግ» አለው። ድምፅ የሰጡት አራቱ ኃላፊዎች ብቻ ናቸው። መሐንዲሶቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አልተጠየቁም።

መስመሩ ሲከፈት ምክሩ ተገልብጧል፦ ይነሳ። የማርሻሉ ስታንሊ ሬይናርዝ «የተለየ ሐሳብ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠ የለም። ኬኔዲ ላይ የነበረው የታዮኮል ተወካይ አለን ማክዶናልድ አልፈርምም ስላለ ኪልሚንስተር ፈርሞ በፋክስ ላከ። ከእነሱ በላይ ያሉት የናሳ ወሳኞች ክርክር መኖሩን ሳይሰሙ አደሩ። በማግስቱ ከረፋዱ 5፡38 ላይ፣ አየሩ 2 ዲግሪ ገደማ እያለ ቻሌንጀር ተነሳች። በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ ሰባቱም ሰዎች ሞቱ።

ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ፈሪዎችና ደፋሮች ታሪክ ነው። ለመሪ የሚጠቅመው ትርጓሜ ግን ሌላ ይመስለናል። ለንድ በኋላ ለምርመራ ኮሚሽኑ ሲመሰክር፣ ሌላ ጊዜ ዝግጁ መሆናቸውን ማስረዳት የነሱ ፈንታ እንደነበር፣ በዚያ ምሽት ግን ሮኬቱ እንደማይሠራ ለማረጋገጥ ሲፍጨረጨሩ ራሳቸውን እንዳገኙት ተናግሯል። ያንን ማረጋገጥ ደግሞ አልቻሉም። የማስረዳት ሸክሙ ከ«ይነሳ» ባዩ ላይ ወርዶ «ይቆይ» ባዩ ላይ ተጫነ ማለት ነው። ይህን ያዘዘ ሰው የለም፤ በቁጣና በድካም መሀል ሾልኮ ገባ። ከ17 ዓመት በኋላ ሌላዋ የናሳ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ስትጠፋ የመረመረው ቦርድም ያንኑ አገኘ፦ መሐንዲሶች ሁኔታው አደገኛ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ተጠይቀዋል።

ቢሮ ውስጥ ይህ ዕለታዊ ነገር ነው። የባንክ ብድር ኮሚቴን እናስብ። ነባር ደንበኛ ነው፤ ዓርብ ካልተለቀቀለት ሌላ ባንክ እንደሚሄድ ተናግሯል፤ ሥራ አስኪያጁ የዓመቱ ዕቅድ አሳስቦታል። ተንታኙ የዋስትናው ግምት እንዳረጀና የገንዘብ ፍሰቱ እንደሳሳ ሲያነሳ «እና አይከፍልም እያልክ ነው?» ይባላል። ተንታኙ አይከፍልም አላለም፤ ይከፍላል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም ነው ያለው። ሁለቱን የሚለይ ሰብሳቢ ከሌለ ተንታኙ «እንደሱ እንኳ ሳይሆን» ብሎ ይቀመጣል።

መከላከያው ርካሽ ነው። ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት ሰብሳቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሁሉም በሚያየው ቦታ ያኖራል፦ «ይህ እንዲያልፍ መረጋገጥ ያለበት ሀ እና ለ ነው፤ የሚያስረዳውም እገሌ ነው፤ ካልተረጋገጠ አያልፍም»። የሚጻፈው ጫናው ሳይመጣ ነው። መሀል ላይ ከተጻፈ ቀድሞ ባዘነበለው ወገን ቋንቋ ይጻፋል።

ሁለተኛው ፍተሻ ለእረፍቱ ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት አንድም አዲስ መረጃ አልተገኘም፤ የተቀየረው የሰዎቹ አቋም ብቻ ነው። ስለዚህ ምክር በተገለበጠ ቁጥር መልስ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ አለ፦ ከእረፍቱ በፊት ያልነበረ ምን እውነታ ተገኘ? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። «ደንበኛው ተቆጣ» እውነታ ነው፤ ግን ስለ ዋስትናው የሚነግረን ነገር የለም።

ሐሳብ የሚሰበሰብበት ቅደም ተከተልም ቀላል ነገር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ሰዎችን የመስመር ርዝመት ሲያስለካ፣ በቡድኑ የተሳሳተ መልስ ተጎትተው የተሰጡት መልሶች ወደ ሲሶ ገደማ ነበሩ። ትክክለኛውን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲጨመር ግን ስህተቱ ከዚያ ወደ ሩብ ያህሉ ወረደ። የሚያስፈልገው አንድ አጋር ነው፤ አጋር ደግሞ አፉን ካልከፈተ አይታወቅም። ስለዚህ ክርክሩ ሳይጀመር ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ይሰጥ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት መስመር ይጻፋል፦ ይለፍ ወይስ አይለፍ፣ ከ100 ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ፣ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምን ቢገኝ ነው። ወረቀቱን አለቃው አይሰብስብ፤ ጸሐፊው ሰብስቦ ያለ ስም ያንብብ። ሰብሳቢው የራሱን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ሲዘጋም «ተቃውሞ ያለው?» የሚለው የሬይናርዝ ጥያቄ አይሠራም፤ ይሉኝታ በነገሠበት የእኛ ስብሰባማ ጨርሶ። ጥያቄው በስም ይሁን፣ ከታናሹም ይጀምር፦ «እገሊት፣ አንቺ ብቻሽን ብትወስኚ ምን ትያለሽ?»

መረጃውን በተመለከተ የዚያ ምሽት ስህተት ከሁሉም በላይ ያስቆጫል፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ይታይ ነበርና። የተወያዩት ቀለበታቸው ጉዳት ስላሳየ በረራዎች ብቻ ነበር፤ ከነሱም አንዱ በሞቃት ቀን፣ አንዱ በብርድ ስለተደረገ የሙቀቱ ነገር አያሳምንም ተባለ። ደህና የሄዱት ቢጨመሩ ምስሉ ሌላ ነው፦ ከ18 ዲግሪ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ነው፤ ከዚያ በታች ከተደረጉት 4ቱ ግን በአራቱም። ለብድር ኮሚቴውም እንዲሁ ነው። የተበላሹትን ብድሮች ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም፤ ተመሳሳይ ሆነው በደንብ የተከፈሉትም በዚያው ሰንጠረዥ ይግቡ።

ለማይመለስ ውሳኔ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጋሪ ክላይን ያስተዋወቀው የቅድመ ውድቀት ልምምድ አለ፤ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ሰብሳቢው «አንድ ዓመት አልፏል፤ ነገሩ ፈርሷል» ይላል። «ሊፈርስ ይችላል» አይደለም፤ ፈርሷል ነው። ሁሉም ዝም ብሎ አምስት ደቂቃ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ከዚያ በየተራ አንድ አንድ ይነበባል። ሠራተኛው አለቃውን ሳይቃወም ሥጋቱን የሚናገርበት ቀዳዳ ስለሆነ ይሠራል። የሚከሽፈው በሁለት መንገድ ነው፦ ውሳኔው ተነግሮ ካለቀ በኋላ ለይስሙላ ሲደረግ፣ ወይም የተነበበው ሁሉ ተጽፎ ለአንዱም ሥጋት ባለቤትና ቀን ሳይቆረጥለት ሲቀር። አንዱን ሰው «ዛሬ ተቃዋሚ ሁን» ብሎ መሾም ግን ብዙ አይረዳም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የሻርላን ኔመት ጥናቶች እንዳሳዩት የተመደበ ተቃዋሚ የእውነተኛውን ያህል ሐሳብ አያንቀሳቅስም፤ ቡድኑ የሚጫወት መሆኑን ያውቃል።

እንቅልፍም ይጠየቅ። ኮሚሽኑ እንደጠቀሰው ከዋና ኃላፊዎቹ አንዳንዶቹ ከስብሰባው በፊት በነበረው ሌሊት ጥቂት ብቻ የተኙ ወይም ጎህ ሳይቀድ የተነሱ ነበሩ። ማታ 5 ሰዓት ላይ ሊፈረም የቀረበ ነገር ጠዋት 3 ሰዓት ቢፈረም ምን እንደሚጠፋ በብር ተሰልቶ ይቅረብ፤ «ይበላሻል» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ይደር።

ወደ በላይ የሚሄደው ሰነድ ደግሞ ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ የልዩነት ሐሳብ ይታጀብ፤ የሚጽፈውም ተቃዋሚው ራሱ ነው እንጂ ውሳኔውን የደገፈው አለቃ አይደለም። ከፍተኛው ኃላፊ ሁለቱንም ሳያነብ እንዳይፈርም መመሪያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር። የልዩነት ሐሳብ የለም ከተባለም ቦታው ባዶ አይተው፤ «ተጠይቀው ልዩነት የለንም ያሉ» ተብሎ ስማቸውና ፊርማቸው ይስፈርበት።