ሩት ሳይኮን መግባት

ዛሬ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስለ ፐርሚሽን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ለማን ምን እንደሚፈቀድ፣ ስንከራከር ዋልን። የሱ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ካለው ዶከር ጋር መነጋገር ይፈልጋል፤ ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ደግሞ አልተፈቀደልህም ብሎ ይመልሰዋል። በሱዱ፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው ዩዘር በሩት ሥልጣን ትእዛዝ በሚያስፈጽመው መሣሪያ፣ ሲያስነሳው ግን ይሠራል።

«በቃ፣ በሩት ይሂዳ» አለኝ።

እኔ አልተዋጠልኝም። በሩት የሚሄድ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ከተገኘች፣ ያገኛት ሰው ማሽኑን በሙሉ ይረከባል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ደግሞ የትኞቹ ኮንቴይነሮች እየሠሩ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያነሳው ሐሳብ ቸሞድ 777 ነበር፤ ፋይሉን ለሁሉም ዩዘር ሙሉ በሙሉ የሚከፍት ትእዛዝ። ይህን ትእዛዝ በሰማሁ ቁጥር ቅር ይለኛል፤ ችግሩን ሳያዩ በሩን መንቀል ነው። ይልቅ ሶኬቱን አብረን እንየው አልኩት። የዶከር ሶኬት ፕሮግራሞች ከዶከር ጋር የሚነጋገሩበት ፋይል ነው፤ ባለቤትም ፈቃድም አለው። ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ዶከር፣ ፈቃዱ 660። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ድምሩ 6፤ ለባለቤቱም ለግሩፑም እኩል። ለቀረው ዩዘር ሁሉ 0። ከሶኬት ጋር ለመገናኘት ደግሞ የመጻፍ ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል። የፕሮግራሙ ዩዘር ግሩፑ ውስጥ ስለሌለ ከቀሩት ጋር ተቆጠረ። ሊኑክስ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። 777 ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር ይገባል። ለዚያውም አይዘልቅም፤ ሶኬቱ ያለበት ፎልደር ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ፋይሉ እንደ አዲስ ይፈጠራል፣ ፈቃዱም ወደ 660 ይመለሳል።

«እሺ፣ ዩዘሩን ዶከር ግሩፕ ውስጥ እንጨምረው።»

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ወጥቶ እንደገና ሎግኢን ካደረጉ በኋላም ይሠራል። የሚያሳስበኝ ግን እዚሁ ላይ ነው። ዶከር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው የማሽኑን ዲስክ በሙሉ ያካተተ ኮንቴይነር ማስነሳትና እዚያ ውስጥ ሩት ሆኖ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ፓስወርድ የሚጠይቀው የለም። የዶከር ዶክመንቴሽን ራሱ ይህ ግሩፕ የሩትን ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ሱዱ ቢያንስ ማን ምን እንዳዘዘ ይመዘግባል። ስለዚህ የግሩፕ ስም ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ከበስተጀርባው ያለው ሰርቪስ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

መጨረሻ ላይ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። በሲስተምዲ ታይመር (ሥራን በተወሰነለት ጊዜ በሚያስነሳው የሊኑክስ መሣሪያ) የሚነሳ አጭር ስክሪፕት በሩት ይሄድና የኮንቴይነሮቹን ዝርዝር ፋይል ላይ ይጽፋል። ለፋይሉ 640 ሰጠነው፤ ግሩፑ የፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ ያነባል፣ ሶኬቱ ጋ ግን አይደርስም።

አሁንም አልተፈቀደም አለን። ፋይሉ ልክ ነው፤ ያለበት ፎልደር ግን 700፣ ማለትም ለባለቤቱ ብቻ ክፍት፣ ነበር። በፎልደር ውስጥ ለማለፍ ኤክስኪዩት የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ የፋይሉ ፈቃድ ምንም ቢሆን አይረዳም። ግሩፑን አስተካክለን 750 ስናደርገው ወዲያው አነበበ። ባልደረባዬ ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ።

ነገ ዶከር ግሩፕ ውስጥ እነማን እንዳሉ አብረን እናያለን። የማያስፈልጋቸውን እናወጣለን።