ዳገት ላይ ወደ መስታወት የሚሸሽ ንፋስ፦ የቫኪዩም ፍተሻ ልምድ

በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች የኤሲና የማሞቂያውን ንፋስ ወደ መስታወት፣ ወደ ፊት ወይም ወደ እግር የሚመሩት በሮች የሚዞሩት በቫኪዩም፣ ማለትም አየር ተስቦ በሚፈጠር የመሳብ ኃይል ነው። ይህ መስመር ሲያፈስ አየር የሚስበውን ቦታ ዳሽቦርድ ሳላወርድ መለየት ላይ ደርሻለሁና ያዋጣኝን መንገድ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መኪናውን እወቁት። በአብዛኞቹ ቶዮታዎች የንፋስ በሮቹ የሚዞሩት በካቦ ወይም በትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ስለሆነ እዚያ ቫኪዩም መፈለግ ድካም ብቻ ነው። የምናወራው ስለ አሮጌ ፎርድ ፒክአፖች፣ ስለ ድሮው ጂፕ ቼሮኪና እንደ ደብሊው 123 ስላሉ መርሰዲሶች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማኒፎልድ (ሞተሩ አየር ከሚስብበት ቱቦ) የሚነሳው ቀጭን ቱቦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ አልፎ ወደ ቫኪዩም ማጠራቀሚያው፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው የንፋስ መምረጫ፣ ከመምረጫው ደግሞ ወደ እያንዳንዱ በር ሜምብራና (ሲሳብ በሩን ወደሚጎትተው ስስ ጎማ) ይሄዳል። ቫኪዩም ሲጠፋ ሞላው በሩን መልሶ ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት ይልከዋል። ሹፌሩ መስታወቱ በእርጥበት ታፍኖ እንዳይቀር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በእኛ አገር ግን ይሄው ነገር ብልሽቱን ይደብቀዋል፦ ሐምሌ ላይ እንጅባራን ለሚያቋርጥ ሰው ንፋሱ መስታወት ላይ መሆኑ ደስ ነው የሚለው። ሚያዝያ ላይ አባይ በረሃ ሲወርድ ነው «ኤሲው ሞተ» ብሎ የሚመጣው።

ኤሲውማ ደህና ነው። ምልክቱን በደንብ ጠይቁ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ንፋሱ ደረቱ ላይ ሆኖ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ወደ መስታወት ከሸሸ፣ ጉዳዩ በሙሉ የቫኪዩም ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስለማይረገጥ ማኒፎልዱ በኃይል ይስባል፤ ዳገት ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ቫኪዩሙ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በዚያ ሰዓት በሮቹን መያዝ ያለበት ማጠራቀሚያው ነው። ካልያዘ ወይ ቫልቩ ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው፣ ወይ ከቫልቩ በኋላ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ይፈታልና። የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) የሚለው ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ከ11 እስከ 15 ብታነቡ ደህና ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ከ9 እስከ 13። የእጅ ፓምፑም ማርቆስ ላይ ከ22 ብዙም አያልፍም፤ 25 አልደርስ አለ ብላችሁ አትመልሱት።

አሁን ወደ እጅ ፓምፑ። ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ካርቡራቶር ማጽጃ እየረጩ መፈለግን አልወደውም፤ በጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ እሳት ነው፣ ዳሽቦርድ ውስጥ ደግሞ ምንም አያሳይም። ፓምፑን መጀመሪያ ራሱን ፈትኑት፦ አፉን በጣት ዘግታችሁ 15 ኢንች ሳቡ፤ መርፌው ከወረደ ችግሩ እጃችሁ ላይ ነው።

ቀጥሎ መስመሩን ለሁለት ክፈሉት። ሞተሩን አጥፉ፣ ከማኒፎልድ የሚመጣውን ጫፍ ንቀሉና ቫልቩን ጨምራችሁ ወደ መኪናው ውስጥ በሚሄደው በኩል ሳቡ። መምረጫው መስታወት ላይ ሆኖ መርፌው ከወረደ፣ የቫልቩ ስንጥቅ፣ ማጠራቀሚያው፣ ዋናው ቱቦ ወይም ራሱ መምረጫው ነው። ቫልቩ ወደ ኋላ ማሳለፉ ግን በዚህ አይታይም፤ ነቅላችሁ በማጠራቀሚያው በኩል ባለው አፉ ሳቡት፣ መያዝ አለበት። እዚያ ላይ ይዞ ወደ ፊት ወይም ወደ እግር ሲዞር ብቻ ከወረደ፣ የዚያ ቦታ መስመር ወይም ሜምብራና ነው።

የሚያስቸግረው ይህ ሁለተኛው ነው። ሁሉም ሰው መምረጫውን አዙሮ በሩ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ «ይሠራል» ይልና ይተወዋል። በሩ መንቀሳቀሱ ምንም አያረጋግጥም! ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከሚገባው አየር በላይ ስለሚስብ በትንሹ የተቀደደ ሜምብራናም በሩን ይጎትታል። መለካት ያለበት መያዙ ነው። ከመምረጫው ጀርባ ያለውን ባለ ብዙ ቀዳዳ ሶኬት አውጡ፤ ዋናው መስመር ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ነው። የቀሩትን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ በፓምፑ 10 ኢንች እየሳባችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ንቅንቅ ማለት የለበትም። አንዳንዱ ሜምብራና ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ ብቻ ከሳባችሁት በሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ያ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ፓምፕ የሌለው ሰው ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ፣ ንፋስ የሚነፋውን ቬንቲሌተር አጥፍቶ፣ አንድ ቁራጭ ቱቦ ጆሮው ላይ ደግኖ ፉጨቱን ይከተል፤ ትልልቁን ቀዳዳ ያገኛል፣ ትንንሹን አያገኝም።

ጥገናው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቫልቩ አጠገብ ያለው የደረቀ የጎማ ክርን ነው። ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ለጊዜው ያኖራል፤ መቀየር ይሻላል። የተሰነጠቀ ደረቅ ፕላስቲክ ቱቦ በሱፐር ግሉ አይጠገንም፣ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ቆርጣችሁ ጣሉና ጠበቅ ባለ 4 ሴንቲ ሜትር የጎማ ቱቦ አገናኙት። ሲገባ በሳሙና ውኃ እንጂ በግሪስ አታለስልሱት፣ ግሪስ ጎማን ያሳብጣል። የግሉኮስ ቱቦ ሞተር ክፍል ውስጥ አትጠቀሙ፤ ሙቀት ያለሰልሰውና ቫኪዩም ሲሳብ ይጣበቃል። የተቀደደ ሜምብራናን በሲሊኮን መቀባትም ከንቱ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ፓምፑን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ በር ላይ ሳቡት።

ናፍጣ መርሰዲስ ላይ ነገሩ ይለያል። ቫኪዩሙ የሚመጣው ከማኒፎልድ ሳይሆን ከራሱ ፓምፕ ስለሆነ ፔዳል ሲረገጥ አይወርድም። ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋ ካለ ያው መስመር አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፣ የመኪናው በር ቁልፎችም እዚያው ላይ ናቸውና ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ድፈኑ። የፍሬን ፔዳሉ ከደነደነ ግን ንፋሱን ተዉት፤ መጀመሪያ የፍሬኑ ሰርቮ (ፔዳሉን በቫኪዩም የሚያግዘው) ይታይ።

ያልፈታሁት አንድ አለ፦ ኤሲው አየሩን ከሚያቀዘቅዝበት ከኢቫፖሬተር ሳጥኑ ጀርባ የተደበቀው ሜምብራና። ከተቀደደ ዳሽቦርዱ መውረዱ አይቀርም፣ አቋራጭ አላገኘሁለትም። ባለቤቱ ገንዘብ እስኪያገኝ የእሱን ቱቦ በትንሽ ቡሎን ድፈኑት፤ የቀሩት በሮች ይሠራሉ። የተደፈነው የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረው ከሆነ ፎርድ ላይ በሩ ለውጭ አየር ክፍት ሆኖ ስለሚቀር፣ ኮረኮንች ላይ አቧራ እንደሚገባ ቀድማችሁ ንገሩት።