ሁለት ደቂቃ ብቻ

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ» አልኳት እናቴን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተቀረጸ የልደቴን ካሴት ከቁም ሳጥን ውስጥ አግኝታ ነው። ማጫወቻ አለን። አባቴ የተወልን፣ በአንድ ጎኑ ዲስክ በሌላው ጎኑ የቪዲዮ ካሴት የሚውጥ ባለ ሁለት አፍ ዴክ። የቀረው ከአዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። እህቴ «የሚያውቅ ሰው እንጥራ» ስትል ከልቤ ተቀየምኳት። እኔ እኮ በዚህ ቤት ኢንተርኔት ሲቆም ራውተሩን አጥፍቼ በማብራት ስም ያተረፍኩ ሰው ነኝ።

ረዳት ተደርጎ የተሰጠኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሥራው የስልኬን መብራት መያዝ ነበር። ማታ ላይ ግን እሱ አዛዥ፣ እኔ ታዛዥ ሆነን ነበር።

ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ከኋላው ገባሁ። መጀመሪያ ሸረሪት አየሁ። ቀጥሎ ቢጫ ቀዳዳ እንደሌለ አየሁ። እኔ የማውቀው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ነው። ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ። እዚህ ግን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ከዚያ አሁንም ቀይ። ሁለት ቀይ! አንዱ የምስል፣ አንዱ የድምፅ ነው። ማን እንዲህ እንዳደረገው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ዴኩም ከጀርባው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ አለው። ገመዱ ከአሮጌ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። ሰካሁ። ለሙከራ አንድ ዲስክ ከተትኩ። ሁለቱን ቀዮች አቀያይሬ ኖሮ በዲስኩ ላይ ያሉት ሰዎች ፊት ቀለሙ ተዛባ፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ እንደተነካ ቀፎ «እዝዝዝ» አለ። እናቴ ከጓዳ «ፈነዳ?» አለች። አስተካከልኩት። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ደረቴን ነፍቼ ቤተሰቡን ጠራሁ። ሁሉም መጥቶ ተቀመጠ። ካሴቱን አጎረስኩት። ዴኩ ቀረጥ ቀረጥ አድርጎ ዋጠው።

ጨለማ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ባልናገር ደስ ይለኛል። ካሴቱን አወጣሁ፣ አስገባሁ። ክዳኑን ከፍቼ እፍ አልኩበት። ቻናል 3 ላይ አድርጌ ሞከርኩ፣ ቻናል 4 ላይም ሞከርኩ። ያ ለካ የአንቴና ገመድ ለሚጠቀም ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ የአንቴና ገመድ አልሰካሁም። ዴኩን መታ መታ ማድረግም አሰኝቶኝ ነበር፤ ግን የመጨረሻው አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ መሥራት እንዳቆመ ትዝ ሲለኝ እጄን ሰበሰብኩ።

«አጎቴ» አለ ልጁ መብራቱን ከቀዳዳዎቹ በላይ እያበራ፣ «እዚህ ጋ ዲቪዲ ኦንሊ ይላል።»

«የት?»

«እዚህ። ትልቅ አድርጎ ነው የጻፈው።»

ትልቅ እንኳ አልነበረም። ነገር ግን እውነቱን ነው። እነዚያ ሦስት ቀዳዳዎች የሚያወጡት የዲስኩን ምስል ብቻ ነው። ካሴቱ በእነሱ በኩል አይወጣም፤ የሱ መውጫ ቢጫው ነው። ቪኤችኤስ የሚባለው ይህ የካሴት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1976 የተወለደ ነው፣ ዲቪዲ የሚባለው ዲስክ በ1996። ሃያ ዓመት የሚበላለጡ ወንድማማቾች አንድ ቤት ይኖራሉ፤ ታናሹ በአዲሱ በር ይወጣል፣ ታላቁ በጓሮ።

እሺ፣ ወደ ቢጫው። በቴሌቪዥኑ በኩልስ? ጠጋ ብዬ ሳየው አረንጓዴው ቀዳዳ ዙሪያው ግማሹ ቢጫ ነው። አንድ ቀዳዳ ለሁለት ሥራ። ቢጫውን እዚያ ሰካሁ፤ በዴኩ በኩል ደግሞ መጀመሪያ ያገኘሁት ቢጫ ላይ። ምንም የለም። ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ይላል፣ እናቴ «ሁለት ደቂቃው አላለቀም?» ትላለች።

«አጎቴ፣ ኢን ማለት ምንድነው?»

«መግቢያ።»

«ታዲያ ምስሉ የሚገባው ወደ ዴኩ ነው?»

ዝም አልኩ። ገመዱን ነቅዬ «አውት» ወደሚለው አዛወርኩ። ለካስ ዴኩም ቴሌቪዥኑም ልክ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች «እስቲ እሱ ይጀምር» ብለው ሲጠባበቁ ነበር።

መጣ! ምስል መጣ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ።

«በከለር ነው የተነሳው» አለች እናቴ። «ኬኩ ሮዝ ነበር።»

ይህንን ግን ራሴ ነኝ የፈታሁት፣ ልጁ ሽንት ቤት ሄዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ አሁንም የሦስቱን ገመድ ምስል እየጠበቀ ነው። በዚያ አሠራር አረንጓዴው የሚያመጣው ብርሃኑንና ጥላውን ብቻ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው በሰማያዊውና በቀዩ ነው። በሪሞቱ «ኤቪ» ወደሚለው፣ ወደ ቢጫው ገመድ ምስል ሳዞረው ሮዝ ቦግ አለ። ኬክ መሰለኝ። ወዲያው ካሴቱ አለቀ።

ለካ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ያየው ሰው ወደ ኋላ ሳያጠነጥነው ነው ያስቀመጠው።

«ዝለለው» አለ ልጁ።

«ይሄ አይዘለልም። ክሩ ወደ 250 ሜትር ነው፣ ተጠቅልሎ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቶ አያውቅም። ዴኩ ሲያጉረመርም ቁጭ ብሎ እንደ ተአምር ሲያየው ቆየ።

በመጨረሻ ተጫወተ። ግን ቢጫው ገመድ ላልቷል። ጫን ካላልኩት ምስሉ ይሄዳል። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ሶፋ ላይ፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ኋላ በደረቴ ተኝቼ፣ በአንድ ጣቴ ገመዱን ጫን ብዬ። ምስሉን አላይም። የምሰማው የልጆች ጫጫታ ነው። ከዚያ የእናቴ የወጣትነት ድምፅ መጣ፤ «አንተ፣ ተወው በቃ፣ ልጁ ሻማውን ሊያጠፋ ነው!»

የአባቴ ድምፅ ከሩቅ፣ ከሆነ ነገር ሥር እንደሚወጣ ሆኖ መለሰ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ።»

ሶፋው ላይ ያሉት በሳቅ ፈረሱ።

«አጎቴ!» ጮኸ ልጁ። «እዚያም ውስጥ ከቴሌቪዥን ኋላ ተኝተሃል! እግርህ ይታያል!»

«እሱ አይደለም፣ አያትህ ነው» አለች እናቴ። ሳቋ ቃሉን አላስጨርሳት አለ። «አንተ፣ ና ውጣና እይ እንጂ።»

«ከወጣሁ ይጠፋል» አልኩ። «ሻማውን አጠፋሁት?»

«ኧረ ገና ነህ። አባትህን እየጠበቅን ነው።»