የተዋጊ ጀት ኮኔክተር ፒን ሶልደር አታድርጉ

ገላን ትንሽ የጥገና ቤት አለኝ። ባለፈው ዓመት ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ የሚሰራ ጋሼ የምለው ደንበኛዬ የጉድጓድ መለኪያ ሳጥን ይዞልኝ መጣ፣ የኬብሉን ክብ ኮኔክተር መኪና ሄዶበት ጨፍልቆታል። ቁጥሩን ሳየው 38999 ሲሪስ 3 የሚባለው የአሜሪካ ጦር ስታንዳርድ ኮኔክተር ነው፣ ኤፍ ኤ 18ን የመሰሉ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚነሱ ጀቶች ላይ የሚገባው ዘር ማለት ነው። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ድረስ ዞርኩ፣ የለም። ከውጭ አዘዝኩ።

ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ የተዋጊ አውሮፕላን ዕቃ ብሎ ጽፎ ስለነበር ጉምሩክ ስድስት ሳምንት አቆዩብኝ፣ "ወንድሜ ይሄ የጦር መሣሪያ ነው" ያለኝ ሰውዬ ካርቶኑን ከፍቶ እንኳን አላየውም፣ እስካሁን ያናድደኛል። ዕቃው የሚገባበትን ማሽን ከነፎቶው በደብዳቤ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ግን ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኮኔክተሩ 26 የፒን ቀዳዳ አለው፣ ሁሉም ሳይዝ 20 የሚባለው የፒን መጠን ነው። እነዚህ ፒኖች ሽቦውን የሚይዙት በክሪምፕ ነው፣ ማለትም ፒኑን ሽቦው ላይ በመጨመቅ፣ ትክክለኛው መሣሪያ ከአራት አቅጣጫ ድርብ ድርብ እያደረገ 8 ቦታ ይጨምቃል፣ ዋጋው ከኮኔክተሩ ስለሚበልጥ ዘለልኩትና ሁሉንም ሶልደር አደረግኩ። ጠረጴዛ ላይ በሜትር ስለካው ንጹህ ነበር። ጋሼ ሱሉልታ ወስዶት በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ፣ ቁጥሩ ይዘላል አለኝ። ለካ ሶልደሩ ሽቦው ውስጥ ሽቅብ ገብቶ አድርቆታል፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ልክ ሶልደሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ይቆረጣል። ከፒኑ ውጪ የተረፈው ሶልደር ደግሞ ከኋላ ያለውን የጎማ ማሸጊያ ቀዶታል፣ ስለዚህ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ይሄ ሳያንስ የተቆረጡትን ላውጣ ብዬ በመርፌ ጎረጎርኩ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ፒኑን የሚይዝ ቀጭን ምላስ አለ፣ ሦስቱን ሰበርኩ። እሱ ለብቻው አይቀየርም፣ ኮኔክተሩ ሞተ። ሁለት ብር የማታወጣ የምትመስል የፕላስቲክ ማውጫ ነበረች መፍትሄው፣ ነጩ ጫፍ ያወጣል ባለቀለሙ ያስገባል። ጋሼ ምንም አላለኝም፣ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

ሁለተኛውን ሳዝዝ ገንዘብ ተበድሬ መጭመቂያውን መሣሪያ፣ ክሪምፐሩንም፣ አብሬ ገዛሁ። ከጨመቃችሁ በኋላ ፒኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዩ፣ ሽቦው ካልታየበት አልደረሰም፣ ቆርጣችሁ ጣሉትና እንደገና። በፒንሳ አትሞክሩት።

የኮኔክተሩ ሽፋን ዓይነት በፊደል ይለያል፣ ሻጮች ወይራ አረንጓዴውን ደብሊዩ የሚባለውን ካልገዛችሁ ይሏችኋል። እኔ አልስማማም። የሱ ሽፋን ካድሚየም ነው፣ ጨዋማ ውሃ እየተረጨ ዝገት ሲፈተን 500 ሰዓት ይችላል፣ መርከብ ላይ የባህር ጨውና የጭስ ማውጫው ጭስ ተቀላቅሎ አሉሚኒየሙን ስለሚበላው ነው የሚያስፈልገው። ገላን ባህር የለም። ኤፍ የሚባለው የኒኬል ሽፋን በዚሁ ፈተና 48 ሰዓት ብቻ ቢችልም ለኛ ይበቃል፣ ሙቀትም እስከ 200 ዲግሪ ይችላል፣ ደብሊዩ 175 ነው። አረንጓዴውን ከገዛችሁ ግን በሞረድ እንዳትነኩት፣ የካድሚየም ብናኝ መርዝ ነው።

የቁጥሩን የመጨረሻ ፊደልም ሁለቴ አንብቡ፣ ኤን እና ኤ ጥርሳቸው ስለሚለያይ አይገጣጠሙም። ስታጠብቁት ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን አዙሩ፣ ቀይ ከታየ አልገባም።