ማንበቡ አልከበደኝም፤ ሴቭ ማድረጉ ነው ያቃጠለኝ

ይህን የምጽፈው ፋይል ሴቭ ማድረግ ከማንበብ የበለጠ አደገኛ መሆኑን እኔ ስጀምር ማንም ስላልነገረኝ ነው። የሚሠሩ ነገሮችን ዝርዝር በተራ የጽሑፍ ፋይል ለሚይዙ ሰዎች ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ሠርቻለሁ። ፋይሉን አንብቦ የሚተነትነውን ክፍል በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩት። መልሶ የሚጽፈው ክፍል አራት መስመር ኮድ ነበር። የአንዲት ጓደኛዬን የሦስት ዓመት ዝርዝር ያጠፋው እሱ ነው።

ፎርማቱ ቱዱ ዶት ቴክስት ይባላል። ጂና ትራፓኒ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው ነው። ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል፤ አንድ መስመር አንድ ሥራ ነው፣ በቃ። ልዩ ፕሮግራም አይጠይቅም፣ በየትኛውም ኤዲተር ይከፈታል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ መስመር ይኖራል፦

2024-03-11 ሪፖርቱን መላክ +ሥራ @ቢሮ ቀነገደብ:2024-03-15

መጀመሪያ ያለው ሥራው የተመዘገበበት ቀን ነው። የመደመር ምልክቷ ፕሮጀክቱን፣ አት የምትባለዋ ምልክት ደግሞ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ወይም ሁኔታ ታሳያለች። በሁለት ነጥብ የተያያዙት ጥንዶች ተጨማሪ መረጃ ናቸው። ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ ከሁሉም ፊት በቅንፍ ውስጥ አንድ ካፒታል የእንግሊዝኛ ፊደል ይኖረዋል። ያለቀ ሥራ መስመሩ በትንሿ ኤክስ እና በአንድ ባዶ ቦታ ይጀምራል። ፎርማቱ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ስለ ትንተናው ብዙ አልልም። አንድ ረጅም ሪጀክስ (ጽሑፍ የሚፈለግበት የምልክት ቀመር) ጽፋችሁ ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ አትሞክሩ። ከመስመሩ ፊት ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ማንበብ ይሻላል። የኢሜይል አድራሻ ውስጥ ያለችው አት ምልክት እንዳታሳስታችሁ፣ ከፊቷ ባዶ ቦታ ከሌለ አትቆጠርም። ሁለት ነጥብ ግን ያስቸግራል። "በ10:30 መደወል" የሚለውን የኔ ኮድ በ10 የሚባል ቁልፍ 30 የሚባል ዋጋ አለው ብሎ ተረድቶት ነበር። የድረ ገጽ ሊንክም እንደዚያው ነው። የማታውቁትን ቁልፍ እንደ ተራ ጽሑፍ ተዉት። ከዊንዶውስ የመጣ ፋይል መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንዳንዴ የማትታይ ቦም የምትባል ምልክት ትኖራለች። እሷ ካለች የመጀመሪያው መስመር ቅድሚያ አይነበብም። ግማሽ ቀን በልታብኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

ላይብረሪውን ካወጣሁ በኋላ አንዲት ጓደኛዬ መጠቀም ጀመረች። ዊንዶውስ ነው የምትጠቀመው፣ እኔ ሊኑክስ። በመጀመሪያው ሳምንት "ፊደሉ ዝብርቅርቅ ብሎ ነው የሚመጣው" አለችኝና ፋይሏን በቴሌግራም ላከችልኝ። ምክንያቱን ቶሎ አገኘሁት። ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ሠንጠረዥ) ካልነገራችሁት የኮምፒውተሩን ነባሪ፣ ማለትም አስቀድሞ የተመረጠውን፣ ይወስዳል። እኔ ጋ ነባሪው አማርኛንም የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ነው። የእሷ ዊንዶውስ ላይ ግን ግዕዝን ጨርሶ የማያውቅ የድሮ ሠንጠረዥ ነበር። የሚያነበው መስመር ላይ ዩቲኤፍ-8 የሚል ጨመርኩና ላኩላት። ሠራላት። አመሰገነችኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

የሚጽፈውን መስመር አላየሁትም። ከሚያነበው ሃያ መስመር ዝቅ ብሎ ነበር ያለው፣ እዚያው ፋይል ውስጥ። ዓይኔን ዝቅ ባደርግ አየው ነበር። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አምስት ወር ያህል ዝርዝሯን ለማየት ብቻ ተጠቀመችበት። ሥራዎቹን በእጇ ኤዲተር ላይ ነበር የምትጽፈው። አንድ ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ።

"ፋይሌን ምን ነካው? ባዶ ነው።"

"ባዶ ስትይ?"

"ዜሮ ባይት ይላል። አንድ ሥራ አልቋል ብዬ ምልክት አደረግኩ፣ ቀይ ኤረር አወጣ፣ ከዚያ ስከፍተው ምንም የለም።"

ስልኩን ሳልዘጋ ኮዱን ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፋይልን ለመጻፍ ስትከፍቱት ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍ የነበረው ይዘት ይጠፋል። መክፈት ማለት ባዶ ማድረግ ማለት ነው። የኔ ኮድ መጀመሪያ ከፈተ፣ ማለትም ስምንት መቶ ምናምን መስመሯን ደመሰሰ። ቀጥሎ ሙሉውን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሊጽፍ ሲል ያ የድሮ ሠንጠረዥ አማርኛውን መቀየር አቃተው። ኤረር አውጥቶ ቆመ። አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱ አልመጣም።

የባሰው ገና ነበር። ፋይሉ ያለው ከስልኳና ከቢሮ ኮምፒውተሯ ጋር ሲንክ በሚያደርግ፣ ማለትም ለውጡን ሁሉ በራሱ በሚያስተላልፍ፣ ፎልደር ውስጥ ነው። "ስልክሽ ላይ ኢንተርኔቱን ዝጊ!" ብዬ ጮህኩ። ዘግይቼ ነበር። ዜሮ ባይቱ ስልኳ ደርሷል። ጠዋት ቢሮ ስትገባም ባዶውን ነው ያገኘችው።

ስሙን ለማልጠራው የሲንክ ድርጅት ጻፍንለት። ያለፉ ቅጂዎችን መመለስ በእሷ የአካውንት ዓይነት አይቻልም ነበር። መልስ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። "ፋይሉ በትክክል ሲንክ ተደርጓል" ይላል። እውነት ነው። ግን ስምንት መቶ መስመር ያለው ፋይል በአንድ ሰከንድ ዜሮ ሲሆን አንዴ ቆም ብሎ "እርግጠኛ ነሽ?" የሚል አገልግሎት መሥራት ያን ያህል ይከብዳል? እስካሁን ያናድደኛል። ቢሆንም ፋይሉን ባዶ ያደረገው የኔ ኮድ ነው። እነሱ ያገኙትን ነው ያመላለሱት።

ያዳነን ያ በቴሌግራም የላከችልኝ ፋይል ነው። የአምስት ወር ዕድሜ ነበረው። ከዚያ በኋላ ያለውን ከኢሜይሏና ከማስታወሻ ደብተሯ እየለቃቀመች ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሞላችው። አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ምን ይዛ እንደነበር እንኳ የማታስታውሳቸው ሥራዎች ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ሴቭ የሚያደርገውን ክፍል እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ማታ ይበቃዋል ብዬ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ወሰደ። መንገዱ የታወቀ ነው፤ አዲሱን ይዘት በሌላ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ መጻፉን ካረጋገጣችሁ በኋላ ስሙን ቀይራችሁ በአሮጌው ቦታ ትተኩታላችሁ። መሀል ላይ ምንም ቢፈጠር አሮጌው እንዳለ ይቆያል። ፓይተን ከ3.3 ጀምሮ ለዚህ ሪፕሌስ የሚባል ትእዛዝ አለው። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው።

ጊዜያዊውን ፋይል የሲስተሙ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ አደረግኩት። ራሴ ላፕቶፕ ላይ እምቢ አለ፣ ምክንያቱም ቴምፑ ሌላ ፋይል ሲስተም (ለብቻው የሚተዳደር የፋይል ማከማቻ ክፍል) ላይ ነው። ስም መቀየር በአንድ ምት የሚሆነው ሁለቱ አንድ ፋይል ሲስተም ላይ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ጊዜያዊው ፋይል ከዋናው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁን። ይህን አስተካክዬ አወጣሁት።

በሳምንቱ ሌላ ተጠቃሚ "ዝርዝሬ ስልኬ ላይ መታደስ አቆመ" ብሎ ጻፈልኝ። ደነገጥኩ። የዚህ ሰው ቤት ፎልደር ውስጥ ያለው ዋናው ፋይል ሳይሆን ወደ ሲንክ ፎልደሩ የሚያመለክት ሲምሊንክ (ፋይሉ ሌላ ቦታ እንዳለ የሚጠቁም አቋራጭ) ነበር። የኔ ኮድ ሲምሊንኩን አንስቶ በቦታው እውነተኛ ፋይል አስቀመጠ። ዋናው ፋይል ሲንክ ፎልደሩ ውስጥ እንደነበረ ቀረ። ደግነቱ ምንም አልጠፋበትም። ሆኖም ስምንት ቀን ሙሉ ሳያውቀው ሁለት የተለያየ ዝርዝር ይዞ ቆይቷል። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ሲምሊንኩን ተከትሎ እውነተኛውን አድራሻ ማግኘት ነው። አንድ መስመር ኮድ ነው።

የፋይል ፈቃድም አለ። በጊዜያዊ ፋይል መፍጠሪያው የተፈጠረ ፋይል ሊኑክስ ላይ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበው ሆኖ ነው የሚወለድ። ዝርዝሩን ከሰው ጋር የሚጋራ ተጠቃሚ ካለ በድንገት ይዘጋበታል። የድሮውን ፈቃድ ወደ አዲሱ ገልብጡ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ፋይሉን ከያዘው መተካቱ ሊከለከል ይችላል፤ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ይዘቱ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድደውን ትእዛዝ "ኤፍሲንክ አያስፈልግም፣ ያዘገያል" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልስማማም። ስም ከመቀየራችሁ በፊት ይዘቱ ዲስኩ ላይ መድረሱን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ገና አዲስ ሳለ ኮምፒውተራቸው በድንገት ሲጠፋ ፋይሎቻቸውን ዜሮ ባይት ሆነው ያገኙ ሰዎች ነበሩ፣ ትልቅ ክርክርም አስነስቶ ነበር። ለአንድ የሥራ ዝርዝር ጥቂት ሚሊሰከንድ ምንም አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፎርማቱ ራሱ ከሚያበረታታው አንድ ነገር ጋር ተጣልቻለሁ። ፋይሉ በፊደል ተራ ሲደረደር ትርጉም ይሰጣል ይባላል፤ ቅድሚያ ያላቸው ከላይ፣ ያለቁት ከታች። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይሠራል። በኮድ ቁጥር ተራ ከሆነ ግን የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ደንብ) ከትንሿ ኤክስ በኋላ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ቅድሚያና ቀን የሌለው የአማርኛ ሥራ ካለቁት ሁሉ ሥር ይቀበራል። ላይብረሪዬ ቀድሞ ሴቭ ሲያደርግ ይደረድር ነበር፣ አውጥቼዋለሁ። መደርደር ስክሪን ላይ ይሁን። ፋይሉ ውስጥ ያለው ተራ የሰውየው ነው።

ባዶ መስመሮችንም አትንኩ። እኔ "ማጽዳት" መስሎኝ አጠፋቸው ነበር። ለካ የፎርማቱ የመጀመሪያ የትእዛዝ ፕሮግራም ሥራዎችን በመስመር ቁጥር ነው የሚጠራቸው፣ አንድ ሥራ ሲሰረዝም ቁጥሮቹ እንዳይዛነፉ ባዶ መስመር ይተዋል። ሁለቱን አብሮ የሚጠቀም ሰው ሰባት ቁጥርን ሰርዝ ሲል ሌላ ሥራ ይሰረዝበታል። ዛሬ ኮዴ ያልተቀየረውን መስመር ባይት በባይት እንዳለ ነው የሚመልሰው። የተቀየረችዋን አንዷን መስመር ብቻ ነው እንደ አዲስ የሚጽፋት። ከመጻፉ በፊትም ፋይሉ ካነበበው በኋላ በሌላ ሰው ወይም በሲንኩ ተቀይሮ እንደሆነ ያያል። ከተቀየረ ይቆምና ይናገራል።

ፓይተን ከ3.15 ጀምሮ ነባሪው ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ተወስኗል። እሱን አትጠብቁ። በምታነቡበትም በምትጽፉበትም ቦታ ኢንኮዲንጉን በስሙ ጥሩ።

ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትሹትን ፕሮግራሞች፣ በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች (ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ) ላይ ነው አሁን የማስኬደው። አንዱ ቴስት በአማርኛ የተሞላ ፋይል ይከፍትና መጻፉ እኩል ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ኤረር ያስነሳል። ከዚያ ዋናው ፋይል አንድ ባይት እንኳ አለመቀየሩን ይፈትሻል። በጓደኛዬ ፈቃድ ፋይሉ ላይ ያሉት መስመሮች ከእሷ ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው።

እሷ ግን አልተመለሰችም። ዝርዝሯን አሁንም በኤዲተር በእጇ ትጽፋለች፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ አንድ ቅጂ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ላይብረሪውን እንደገና እንድትሞክረው አልጠየቅኳትም። የምትልካቸውን ቅጂዎች በቀን በቀናቸው አስቀምጣለሁ።